ስፒከሩን ለጆሮህ ግዛ

ልጄ፣ የጊታር ፕሮሰሰር ገዝተህ «ከምን ጋር አያይዤ ልጫወት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል፤ አብዛኛው ጊታሪስት ያለውን ገንዘብ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይጨርስና ስፒከሩን በሄደበት ባገኘው ይወጣዋል። ቅዳሜ ሰበታ ሠርግ፣ እሑድ ቡራዩ መልስ፣ በሳምንቱ ደግሞ ሱሉልታ ሆቴል ለሚሠራ ሰው ይህ አያዋጣም። ስፒከሩ በተለወጠ ቁጥር ቤትህ ተቀምጠህ ሌሊቱን ሙሉ ያስተካከልከው ድምፅ አብሮ ይለወጥብሃል።

ምክሬን ከፊት ላስቀምጠው። ስፒከሩን ለሕዝቡ ብለህ አትግዛ፤ ለጆሮህ ግዛ። ለሕዝቡ ሞንታርቦው አለለት። ከፕሮሰሰርህ አንድ ገመድ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል፣ ሌላ ገመድ ደግሞ አጠገብህ ወዳለችው የራስህ ትንሽ ስፒከር ይመጣል። ይህን ከተቀበልክ ዋቱም፣ ክብደቱም፣ ዋጋውም ይቀልልሃል።

እኛ ወጣት ሳለን ይህ ምርጫ አልነበረንም። በየሆቴሉ መድረክ ከትልቁ ስፒከር የሚወጣው በአብዛኛው የድምፃዊው ድምፅ ነበር፤ ጊታሩ አዳራሹን የሚሞላው በራሱ አምፕሊፋየር ነው። ስለዚህ አምፑ የግድ ትልቅ መሆን ነበረበት። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ብትወስድ 85 ዋት፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ወደ 29 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ነው። ያን ጊዜ ግን አንድ ባንድ አንድ ሆቴል ላይ ተቀጥሮ ዕቃውን እዚያው አሳድሮ ነበር የሚሠራው። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል እንደነበረው ማለት ነው። አንተ የተቀጠርክበት ቤት የለህም፤ መድረክህ በየሳምንቱ ሌላ ነው። ስለዚህ የእኛን ዘመን አምፕ እያየህ አትመኝ። ሥራህ ተለውጧል፣ ዕቃህም መለወጥ አለበት።

ጉዞህን አስበው። ከአየር ጤና ተሳፍረህ ዓለም ገናን አልፈህ ሰበታ ትገባለህ፤ ወይ ከአስኮ ወደ ቡራዩ፤ ወይ ከአዲሱ ገበያ ተነሥተህ የእንጦጦን ዳገት ተሻግረህ ሱሉልታ። ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም መንገዳቸው ለየብቻ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብህ። ጊታሩ ጀርባህ ላይ፣ ፕሮሰሰሩና ገመዱ ደረትህ ላይ በቦርሳ፣ ስፒከሩ በአንድ እጅህ፣ ሌላው እጅህ ነፃ። ከዚህ በላይ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ዕቃ መሆኑ ቀረ። የሚኒባሱ ረዳት የዕቃ ቢጨምርብህ ትከፍላለህ፤ ሌሊት ሠርጉ ሲያልቅ ግን ባጃጅ ውስጥ የማይገባ ስፒከር ይዘህ ከመንገድ ዳር መቅረት ነው። መኪና እስክትገዛ ድረስ ከ10 ኪሎ በላይ የሆነውን እርሳው።

አሁን ወደ ዓይነቱ እንምጣ። የጊታር አምፕ ስፒከር በባሕርዩ ድምፁን ይቆርጣል፤ ከ80 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ገደማ ያወጣና ከዚያ በላይ ያለውን ይተወዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ጣዕም ግማሹ ከዚህ መቆረጥ የመጣ ነው። ፕሮሰሰርህ ደግሞ ይህንኑ ስፒከርና ሳጥኑን አስመስሎ ውስጡ ይዞታል፤ ካቢኔት ወይም አይ አር የሚለው ክፍል ማለት ነው። እንግዲህ ካቢኔት አስመስሎ የሚያወጣን ዕቃ እንደገና እውነተኛ የጊታር ካቢኔት ውስጥ ብታስገባው ድምፁ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ ይታፈናል፣ ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ሰዎች «ፕሮሰሰር ሕይወት የለውም» እያሉ ዕቃውን የሚሸጡት። ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም፤ የአያያዙ ነው።

ሙሉ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ግን የሰጠኸውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልስልሃል። ነጋዴዎቹ ኤፍ አር ኤፍ አር ይሉታል፤ በተግባር ግን ውስጡ አምፕሊፋየር ያለው ደህና ትንሽ ሞንታርቦ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ አጠገብህ የምትሰማውና በሚክሰሩ በኩል ለሕዝቡ የሚሄደው አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የምትሰማውን አምነህ ታስተካክላለህ።

እንደ ቦስ ካታና 50 ማርክ 2 ያለ አምፕ ቀድሞ ካለህ አትሽጠው። ከኋላው የፓወር አምፕ መግቢያ አለው፤ ፕሮሰሰሩን እዚያ ሰክተህ ወደዚያ ለሚሄደው መውጫ ብቻ ካቢኔቱን ታጠፋለህ። ለሚክሰሩ የሚሄደው ላይ ግን ካቢኔቱ መብራት አለበት፤ ካልሆነ ሞንታርቦው ላይ ጆሮ የሚያሳክክ ድምፅ ይወጣል። ፕሮሰሰርህ ሁለቱን መውጫ ለይቶ ማስተካከል የማይችል ከሆነ ይህን መንገድ ተወው።

ሙሉ ድምፅ ከሚያወጡት ውስጥ እኔ የምመዝናቸው ጥቂት ናቸው። ሄድራሽ ኤፍ አር ኤፍ አር 108 ለጊታር ፕሮሰሰር ታስቦ የተሠራ ባለ 8 ኢንች ነው፤ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከእኩዮቹ ይሻላል። ባለ 12 ኢንች ወንድሙ ደረቱ ይሰፋል፣ ክብደቱ ግን ለሚኒባስ አይሆንም። ኪው ኤስ ሲ ኬ 8.2 ከሁሉም የጠራ ድምፅ አለው፤ 12 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከገደባችን ትንሽ ያልፋል፤ ዋጋውም ይጠናል። ከዚያ በባትሪ የሚሠሩት አሉ፦ ቦዝ ኤስ 1 ፕሮ 7 ኪሎ ገደማ፣ ባትሪው እስከ 11 ሰዓት፤ ጄ ቢ ኤል ኢኦን ዋን ኮምፓክት 8 ኪሎ፣ ባትሪው እስከ 12 ሰዓት። ሰዓቱ ፋብሪካው የሚለው ነው፤ ጮክ ብለህ ስትጫወት ያጥራል።

ከእነዚህ ለአንተ የቱ ይሻላል? መልሱን የሚሰጥህ ድራሙ ነው። ባንዳችሁ እውነተኛ ድራም ካለው ከኋላህ የሚመታው ድራም በባትሪ የሚሠራውን ስፒከር ይውጠዋል፤ ያኔ በሶኬት የሚሠራ ባለ 8 ኢንች ያዝ። ዛሬ በአብዛኛው ሠርግ እንደምታየው ምቱ ከኪቦርድ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን በባትሪ የሚሠራውን ነው የምገዛው። ምክንያቱን ስለ መብራት ሳወራ ታየዋለህ።

ዋት አያታልልህ። ሳጥኑ ላይ 2000 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። በዚያ ላይ ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ እንደ ትንሽ ጭማሪ ነው የሚሰማው። በሌላ በኩል ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ክፍት ቦታ ላይ ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንተ ከስፒከርህ በ1.5 ሜትር ቆመሃል፤ ዘመድ አዝማዱ 12 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ከ1.5 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 12፤ ርቀቱ ሦስት ጊዜ በእጥፍ ጨመረ፣ 18 ዴሲቤል ጠፋ። ድንኳን ውስጥ ሸራው ድምፁን ስለማይመልስ ከዚህ ሒሳብ ብዙም አትርቅም። ትንሿ ስፒከር ያንን ሕዝብ ለማዳረስ ብትታገል ትቃጠላለች፤ አንተን ለማሰማት ግን ከበቂ በላይ ናት። ለጆሮህ ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ስለ መብራት ረዘም አድርጌ ላውራህ፤ በእነዚህ ከተሞች ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው በዚህ ነውና።

መጀመሪያ ከውጭ የመጣ ዕቃ። ዋሽንግተን ወይ ሜሪላንድ ያለ ዘመድ «ልላክልህ» ሲል ደስ ይላል፤ እዚያ ግን መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አንዳንዱ ስፒከር ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት ይላል፤ እሱን ያለ ሐሳብ ሰካው። አንዳንዱ ለ115 እና ለ230 የሚገለበጥ ማብሪያ አለው፤ ከመሰካትህ በፊት ገልብጠው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቀጥታ ከሰካኸው በዚያችው ቅጽበት ይቃጠላል። ዘመድህን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልህ ለምነው። የፕሮሰሰሩን አዳፕተርም እንዲሁ።

ሁለተኛው የመብራት መሄድና መምጣት ነው። ቡራዩ ድንኳን ውስጥ፣ በጥር ሠርግ፣ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለችውን ደቂቃ አስባት። ድምፃዊው ያለ ማይክ ይቀጥላል፣ ጭብጨባው አይቆምም፣ እንዲያውም እልልታው ይጨምራል፤ ሕዝቡ ዘፈኑን ይዞታል። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ሞንታርቦው ሲመለስ ያንተ ፕሮሰሰር ገና ከዜሮ እየተነሣ ነው። ትልልቆቹ እስኪነሡ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሲነሡም እየተጫወትክበት የነበረው ድምፅ ላይ ላይሆኑ ይችላሉ። አንተ ጎንበስ ብለህ ፔዳል ስትረግጥ ዘፈኑ ያልፍሃል። በዚያ ላይ ጄኔሬተር ሲነሣ ቮልቱ ይዋዥቃል፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚገድለው ይሄ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ስፒከርህ በባትሪ የማይሠራ ከሆነ ወዲያው አጥፋው፤ ጄኔሬተሩ ድምፁ ከረጋ በኋላ አብራው።

ለፕሮሰሰሩ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ቦስ ጂቲ 1 እና ዙም ጂ 1 ፎር በአራት ትናንሽ የድንጋይ ባትሪ ይሠራሉ፤ ሰዎች ርካሽ ናቸው ብለው ይንቋቸዋል፣ እኔ ግን ለድንኳን ሠርግ ከብዙ ውድ ዕቃ አስበልጣቸዋለሁ። እንደ ላይን 6 ኤች ኤክስ ስቶምፕ ያለው 9 ቮልትና 3 አምፔር ይፈልጋል፤ ተራ ፓወር ባንክ አይችለውም። ለእንዲህ ያለው የኮምፒዩተር ዩፒኤስ ያዝ፤ ትንሹ ይበቃል፣ ስፒከሩን አትሰካበት፣ ፕሮሰሰሩን ብቻ። ክብደት እንደሚጨምርብህ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ኪቦርዲስቱም ስለሚፈልገው ተነጋገሩና አንዱ ይሸከመው።

ይህንን ካየህ በባትሪ የሚሠራ ስፒከርና የማይጠፋ ፕሮሰሰር ያለው ጊታሪስት መብራት በሄደባት ደቂቃ ምን ማድረግ እንደሚችል ገባህ። ሞንታርቦው ዝም ባለበት ድንኳን ውስጥ ጊታሩ ብቻውን ዘፈኑን ይዞ ይቆያል። ሙሽሮቹ ያንን አይረሱትም፤ ለሚቀጥለው ሠርግ የሚጠራህም ያ ነው።

ሦስተኛው የመሬት መስመር ነው፤ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። ድንኳን ውስጥ በተጎተተ ማከፋፈያ ላይ የመሬት መስመር ያለው አልፎ አልፎ ነው። እጅህ የጊታሩ ክር ላይ ሆኖ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ የሚነዝርህ ከዚህ የተነሣ ነው። የኤሌክትሪክ ቴስተር ከጊታር ቦርሳህ አይጥፋ፤ ከመጫወትህ በፊት የማይኩን ብረት ነካ አድርግ፣ ከበራ አትዝፈንበት፣ የሚሠራውን ሰው ጥራ። ዕቃህን ሁሉ ሚክሰሩ ከተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሰካ፤ ከተለያየ ሶኬት ሲሆን እምም የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር የሚቆርጡ አሉ፤ በፍጹም እንዳታደርገው። ፕሮሰሰርህ ወይም ዲ አይ ቦክስህ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚል ማብሪያ ካለ እሱን ተጫን። እሱ የሚቆርጠው የድምፁን ገመድ መሬት ብቻ ነው፤ አንተን የሚጠብቅህን አይነካም።

ድምፁን ስለማስተካከል አንድ ነገር ያዝልኝ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ጊዜ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በደንብ አይሰማም፤ ድምፁ ሲጨምር ግን ሁለቱም ይወጣሉ። ስለዚህ ማታ ሰው እንዳይረበሽ በዝግታ የሠራኸው ድምፅ መድረክ ላይ ሲጮህ ከታች ያጉረመርማል፣ ከላይ ይወጋል። የምትጫወትበትን ድምፅ በምትጫወትበት ኃይል አስተካክለው። ሆቴሉ ጋ ቀን ላይ ሄደህ ባለቤቱን አስፈቅድ፤ አንድ ሰዓት ይበቃሃል። መነሻ እንዲሆንህ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጠው፣ ከ6 ሺህ በላይ ያለውንም እንዲሁ። ብቻህን ስትሰማው የሳሳ ይመስልሃል፤ ከቤዙና ከኪቦርዱ ግራ እጅ ጋር ሲገናኝ ቦታውን ያገኛል። ራገዳ ተነሥቶ ሆታው ሲያይልም የጊታሩ ወፍራም ድምፅ ለማንም አይሰማም፤ የሚሰማው የመሃሉ ነው።

የድሮውን ጊታር የምትወድ ልጅ ስለሆንክ የጊታሪስቱን የሰላም ሥዩምን አጨዋወት፣ የአይቤክስ ባንዱንም የሮሃ ባንዱንም፣ በዚህ ጆሮ ደግመህ ስማው። ጊታሩ ከሳክስፎኑና ከድምፃዊው ጋር አይሻማም፤ ያላቸውን ትቶላቸው በቀረው ቦታ ላይ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። አንተም ሶሎ ሲደርስህ ዋትና ወፍራም ድምፅ አትጨምር፤ መሃሉን ከፍ አድርገህ ጠቅላላውን 3 ዴሲቤል ብትጨምር ይበቃል። ኤኮህንም ምቱን አስጠብቀህ ሥራው፤ ለ4/4 የተሠራ ኤኮ 6/8 ችክችካ ላይ ሲገባ ጨፋሪውን ያደናቅፋል። ሪቨርብ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ቀንስ፣ ድንኳን ውስጥ ጨምር።

ስፒከሯን መሬት ላይ ቀጥ አድርገህ አታቁማት፤ ቀጭኑ ድምፅ በቀጥታ ስለሚሄድ ጉልበትህን ብቻ ነው የሚመታው፣ አንተም ሳትሰማው ትጨምርበታለህ። አጋድመህ ወደ ጆሮህ አቅናት፣ ወይ ወንበር ላይ አውጣት። ጥግ ውስጥ ከገባች ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ ከግድግዳው አርቃት። ከድምፃዊው ማይክ ፊት ደግሞ አታድርጋት፣ መጮህ ይጀምራል።

ለሚክሰሩ የሚሄደው በማይክ ገመድ ይሁን፣ በባለ ሦስቱ እግር፤ ረጅም ርቀት ሲሄድ ጫጫታ አይሰበስብም። የራስህን 10 ሜትር ገመድ ያዝ፤ ቦታው ላይ ያለው ሁልጊዜ የተቆረጠ ነው። ሞኖ አድርገው፤ የሠርጉ ሞንታርቦ በሞኖ ስለሚሠራ በግራና በቀኝ የከፈልከው ድምፅ ግማሹ ሊጠፋብህ ይችላል። ያንተ ቻናል ላይ ለማይክ የሚላከው 48 ቮልት እንዲጠፋ ሳውንድ ማኑን ጠይቀው። በላይን 6 ሂሊክስ ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ላይ ትልቁ የድምፅ ቁልፍ ያንተን ስፒከር ብቻ እንዲቆጣጠር ማድረግ ይቻላል፤ አድርገው። ለራስህ ስትጨምር ወደ ሚክሰሩ የሚሄደው አይነቃነቅም፣ ሳውንድ ማኑም በአንተ አይማረርም። ስለ እሱም ልንገርህ፤ ቀድመህ ድረስ፣ ሰላም በለው፣ ገመዱን አብረኸው ጎትት። ሌሊቱን ሙሉ ሕዝቡ አንተን የሚሰማህ በእሱ ጣት ነው።

ሱሉልታ ስትሠራ ብርዱን አትናቀው፤ ከተማው ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጊታሩን ከሳጥኑ አውጥተህ ቅኝቱን ከመያዝህ በፊት ቤቱን ይልመድ።

የዋጋውን ነገር ታውቀዋለህ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ላይ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ዕቃውም ተከተለው። ስለዚህ ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም፤ ዋናው መፈተሹ ነው። የራስህን ጊታርና ፕሮሰሰር ይዘህ ሂድ፣ የነጋዴውን ሙዚቃ አትስማ። የወፍራሙን ክር ባዶውን እየመታህ ድምፁን ቀስ በቀስ ጨምር፤ ሳጥኑ ከተንቀጠቀጠ ወይ ስፒከሩ ከተሰነጠቀ እዚያ ላይ ይለያል። ጆሮህን ከቱዊተሩ አስጠግተህ ቀጭኑ ድምፅ መኖሩን አረጋግጥ፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ቱዊተሩ የሞተ ብዙ ስፒከር ገበያ ላይ አለ። ለግማሽ ሰዓት አብርተህ ተወውና ጀርባውን ዳስሰው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ከሶኬት ነቅለህ እዚያው ሱቅ ሻይ ጠጣ፣ ባትሪው ምን ያህል እንደወረደ ትመለከታለህ። ባትሪው ካረጀ ዋጋውን አስቀንስ፤ የሚተካ ባትሪ እዚህ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሠርጉ ሲጀምር ጊዜ አይኖርህም፤ በዐቢይ ጾሙ ጨርሰው። ከመግዛትህ በፊት ግን ቤት ናና የእኔን ባለ 8 ኢንች ውሰድ። አንድ ሠርግና አንድ የሆቴል ማታ ሥራበት፤ ትንሽ ነው ካልክ ያኔ ስለ ትልቁ እናወራለን።